ሁለተኛው ዲስክ ብቻውን ሲነሳ

መሳለሚያ፣ ጋሼ ሽኩር ኮምፒውተር ጥገና ቤት የገባሁ ቀን ካቻቢቴ ሰጡኝና "እጅህ ይሥራ፣ አፍህ ይረፍ" አሉኝ። አሥረኛ ክፍል ላይ ትምህርቴን ጥዬ ነው የመጣሁት። ማንም ሳይነካኝ የምናደድ ሰው ነኝ። እሳቸው ግን አንድ ቀን እንኳ ጮኸውብኝ አያውቁም። ይሄም ራሱ ያናድደኝ ነበር።

ሊኑክስን፣ ኮምፒውተሩን የሚያሠራውን ሲስተም፣ ያስተማሩኝ እሳቸው ናቸው። ሬይድ ምንድነው ስላቸው በመርካቶኛ ነው ያስረዱኝ። ዲስክን መጋዘን ነው በል፤ አንድ ዓይነት ዕቃ ሁለት መጋዘን ታስቀምጣለህ፣ አንዱ ቢቃጠል ሌላው አለልህ። ቡትሎደር ደግሞ የመጋዘኑ በር ነው። ማሽኑ ሲበራ እሱን ካላገኘ ሊኑክስን አያስነሳም። ዕቃው ውስጥ ሞልቶ አንተ ውጭ ትቀራለህ።

አንድ ጠዋት እትዬ ራሕማ ደወሉ። አውቶቡስ ተራ አጠገብ የሠርግ ቪዲዮ ቤት አላቸው። የሰው ሠርግ ሁሉ ያለበት ሰርቨር አልነሳ ብሏል። እኔ ቀደምኩ፣ ጋሼ ሽኩር አዲስ ዲስክ ገዝተው ሊከተሉኝ።

ቪዲዮ ቤቱ ውስጥ አንድ ሽማግሌ ዱካ ላይ ተቀምጠዋል። አባባ ዘርጋ ይባላሉ፣ አውቶቡስ ተራ ተሸካሚ ናቸው። የልጃቸውን ሠርግ ሊወስዱ ነው የመጡት። እትዬ ራሕማ በጆሮዬ ነገሩኝ፤ ሚስታቸው አገር ቤት አልጋ ላይ ከዋለች ቆይታለች፣ ልጇን በቬሎ አላየቻትም። ሰውየው ከሰዓት ለሚወጣው መኪና ትኬት ቆርጠዋል።

ማሽኑን ፈታሁት። አንደኛው ዲስክ ሞቷል። ሁለተኛው ደህና ነው፣ ግን ቡትሎደሩ የተጫነው የሞተው ላይ ብቻ ነው። ደሜ ፈላ።

"ማን ደነዝ ነው ይሄን የሠራው? ሁለት መጋዘን ሠርቶ አንድ በር!"

"እኔ ነኝ" አሉ ከኋላዬ። ጋሼ ሽኩር ዲስኩን ይዘው በሩ ላይ ቆመዋል።

አሁንስ አበቃልኝ አልኩ። እሳቸው አባባ ዘርጋ አጠገብ ቁጢጥ ብለው "አባቴ፣ ጥፋቱ የኔ ነው። ይሄ ልጄ ያስተካክለዋል" አሉ። ልጄ ያሉት እኔን ነው። ካቻቢቴው ከእጄ ወደቀ።

በፍላሽ ሊኑክስ አስነሳሁ። በተረፈው ዲስክ ሬይዱን ከፈትኩ፣ ቡትሎደሩን እሱ ላይ ጫንኩ፣ ፍላሹን ነቅዬ አበራሁት። ስክሪኑ ጠቁሮ ቆየ። እትዬ ራሕማ ቢስሚላህ ይላሉ። ከዚያ ተነሳ።

ሠርጉን በሌላ ፍላሽ ገልብጬ "ይኸው አባባ፣ መኪናው እንዳያመልጥዎ" ስላቸው አልቀበል አሉ።

"መጀመሪያ እዚህ ክፈተው። እዛ ሄጄ እምቢ ቢለኝ ምን እላታለሁ?"

ፍላሹን ላፕቶፕ ላይ ሰካሁት። ሙሽራዋ ከመኪና ስትወርድ ታየች። አባባ ዘርጋ ወዲያው ስክሪኑን በመዳፋቸው ሸፈኑት።

"በቃ አጥፋው። የቀረውን ከእናቷ ጋር ነው የማየው።"

ፍላሹን በመሐረብ ቋጥረው ደረት ኪሳቸው ከተቱና ሄዱ። ጋሼ ሽኩር ዓይናቸውን ጠረግ አድርገው አዲሱን ዲስክ አቀበሉኝ። ደነዝ ስላልኳቸው እስከ ዛሬ አላነሱብኝም። እኔም ይቅርታ ማለት አልችልበትም፣ የዛን ቀን ምሳ ጋበዝኳቸው።

ሊኑክስ ሬይድ ላይ ስትጭኑ ቡትሎደሩን ሁለቱም ዲስክ ላይ ጫኑ። አንዱን ነቅላችሁ አስነሱ። መልሳችሁ ሰክታችሁ እስኪመሳሰሉ ጠብቁና ሌላውንም ነቅላችሁ አስነሱ። ሲነሳ በዓይናችሁ ሳታዩ ለባለቤቱ አታስረክቡ።