የፓሻው ዋሻና የእማማ ዓይን

ካርቱም ውስጥ ለዓባይ ጀርባውን ሰጥቶ ፏፏቴ ለማየት ትኬት የሚቆርጥ ሰው አለ ብል አገር ቤት ማን ያምነኛል? እኔም አይቼ ነው ያመንኩት። ከጦርነቱ በፊት ነው፣ ከተማው ገና ከተማ ሳለ።

ያን ጊዜ አል-ጣኢፍ በሚባለው የካርቱም ሰፈር አንድ ትልቅ ቤት በሠራተኝነት ተቀጥሬ ነበር። መዳሜ ክፉ ሴት አልነበረችም፤ ደግነቷ ግን ያደክማል። ዓርብ የዕረፍት ቀኔ ነው። አንድ ሐሙስ ማታ ጠርታ "ነገ ላስደስትሽ ነው፤ ከእኛ ጋር ሽርሽር ትሄጃለሽ" አለችኝ። መደሰት ማለት የምግቡን ሳጥን መሸከም፣ ልጆቿ ውሃ ውስጥ እንዳይገቡ መጠበቅና እህቷን በየአበባው ሥር ፎቶ ማንሳት ነው። ካልቀረ ብዬ "እማማንም ይዤ ልምጣ?" አልኳት። "ኢንሻአላህ" አለች። የመዳሜ ኢንሻአላህ እሺም ይሆናል፣ እምቢም ይሆናል። እኔ እሺ ነው ብዬ ይዣቸው ሄድኩ።

እማማ እናቴ አይደሉም። ካርቱም ስገባ ማንንም ሳላውቅ ጀብራ ሰፈር ያለችውን አንዲት ክፍላቸውን አካፍለው ያስጠጉኝ፣ ሱቅ ዐረቢ ገበያ በርበሬና ሽሮ የሚሸጡ የሰከላ ሴት ናቸው። ዓባይ ከሚፈልቅበት ከግሽ ጠበል አጠገብ ነው የተወለዱት። ሁለቱንም ዓይናቸውን ሞራ ጋርዶት፣ ሽሮ ለጠየቀ በርበሬ መስፈር ጀምረው ነበር። ደንበኛው ሲጮህ "ይሄንንም ወንድ ይሉታል፣ በርበሬ የሚፈራ!" ብለው ይመልሱለታል። ሐኪሙ ግን አልቀለደም። ሞራው ቶሎ በቀዶ ጥገና ካልተነሳ አንደኛው ዓይን ጨርሶ ይጠፋል አለን።

"መጀመሪያ ጠበል" አሉ እማማ።

"ካርቱም ላይ የምን ጠበል?"

"ግሽ ነዋ! ግሽ ሄጄ ልጠመቅና ከዚያ ቢላውን ያምጣው።"

ግሽ! መንገዱ ተዘግቶ፣ የመኖሪያ ወረቀታቸው ጊዜው አልፎበት፣ እሳቸው ደግሞ ረክሻ የሚሉትን ባጃጅና አህያ መለየት አቅቷቸው! ለመንኳቸው፣ ተቆጣሁ፣ የማኅበራችንን ሴቶች ሰብስቤ አስመከርኩ። ወይ ፍንክች! "ሳልጠመቅ ስለት ዓይኔን አይነካም" ብለው ለሰፈሩ ሁሉ ተናግረዋል። ሌሊት ሌሊት ግን በርጩማውን እየዳበሱ ሲፈልጉ እሰማቸው ነበር።

ያን ዓርብ መዳሜ የወሰደችን የአንድ የድሮ የቱርክ ሹም፣ የፓሻው ግቢ ነው፤ ከዓባይ ዳር። አስጎብኚው በዚያ ሙቀት ከረባት አስሮ ተቀበለን። ፓሻው ድሮ አውሮፓ ሄዶ ፏፏቴና ዋሻ አይቶ ነፍሱ እስክትወጣ ወደደ፤ ካርቱም ላይ ደግሞ ተራራ የለም፤ ስለዚህ ተራራ አሠራ። እንዲህ ነው ታሪኩ። ተራራው የእኔን ቁመት እጥፍ ቢሆን ነው። ሲሚንቶ ነው፤ ድንጋይ እንዲመስል ተቦርቡሯል፣ ጥንታዊ እንዲመስል ደግሞ በየዓመቱ አረንጓዴ ይቀባል። በየስንጥቁ ሕፃን ሲሸና የሚያህል ውሃ ይወርዳል። "ይህ ሁሉ ውሃ በሞተር ከዓባይ ይሳባል!" አለ ሰውዬው፣ ሞተሩን ራሱ የወለደው ይመስል። የዓባይን ልጅ ውሃ ጠማው ይባላል። የእኔ ባሰ፤ ከአገሬ ተነስቶ እዚህ ድረስ በነፃ የመጣውን ውሃ ፓሻው ግቢ ውስጥ ለማየት ትኬት ተቆረጠልኝ።

"ሱብሓነላህ! ልክ ስዊዘርላንድ!" አለች መዳሜ። ስዊዘርላንድ ሄዳ አታውቅም። ከአጥሩ ማዶ ያ ትልቁ ወንዝ ተኝቶ ይፈሳል፤ ዞሮ ያየው አንድም ሰው አልነበረም።

ሳንድዊቹን ሳድል እማማን አጣኋቸው። ዓርብ ስለሆነ ይጾማሉ፣ ሥጋው እንዳይሸታቸው ጥላ ሥር አስቀምጫቸው ነበር። ብዞር፣ ብዞር፣ ዋሻው አፍ ላይ ጫማቸውን አየሁት። ጎን ለጎን ተደርድሮ፣ ልክ ቤተ ክርስቲያን ደጅ እንደሚወልቀው። ተበላሁ!

ውስጥ ነጠላቸውን ታጥቀው፣ ፊታቸውን ወደ ላይ አድርገው ፏፏቴው ሥር ቆመዋል። "በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ..." ውሃው ዓይናቸው ላይ ይወርዳል። ዘበኛው ከኋላዬ "ያ ሐጃ! አንቺ እናት፣ ውጪ! መታጠብ ክልክል ነው!" ይላል። የመዳሜ እህት ቪዲዮ ትቀርጻለች።

"እማማ፣ ይሄ እኮ የሞተር..." ብዬ ጀመርኩና ፊታቸውን አየሁት። ከታመሙ ወዲህ እንደዚያ ፈታ ብሎ አይቼው አላውቅም። ወደ ዘበኛው ዞርኩና "ንክች ታደርጋቸውና!" አልኩት፣ በአማርኛ። ገባው።

ይኼኔ መብራቱ፣ ከህረባው ጠፋ። ካርቱም አይደል? ሞተሩ አቃሰተና ዝም አለ፤ ፏፏቴው ጠብ፣ ጠብ ብሎ ቆመ። ስዊዘርላንድ ደረቀች። አስጎብኚው ለዚህ የሚሆን ንግግር አልነበረውም። እማማ ግን ትንሽ ጠበቁ፣ አማተቡ፣ ነጠላቸውን ጨመቁና "በቃሽ ተባልኩ። በይ፣ ያላ፣ ሐኪሙ ጋ ውሰጂኝ" አሉ።

አንደኛው ዓይን ተሠራ። ፋሻው ሲነሳ ትክ ብለው አዩኝና "አንቺ ልጅ፣ እንዲህ ከስተሽ ኖሯል እንዴ?" አሉኝ። ነርሷ እስክትቆጣን ተያይዘን አለቀስን።

ሁለተኛው ዓይን ግን ገና ነበር። እማማም "እዚያ ጠበል ልመለስ" አሉ። ጉድ ፈላ! አሁን እኮ ያያሉ። ሲሚንቶውን፣ ቀለሙን፣ ቧንቧውን ያያሉ። አሞኛችሁኝ ብለው ሁለተኛውን ዓይን እምቢ ቢሉስ? ተዘግቷል አልኩ፣ ሙቀቱ አይቻልም አልኩ፣ አልሰሙኝም። በዓርብ ቀን አምጃድ በሚሏት ትንሽ ታክሲ ተሳፍረን ሄድን።

የመዳሜ እህት ቪዲዮ ከተማውን አዳርሶ ኖሮ ዋሻው በሰው ተጨናንቋል። አስጎብኚው ከረባቱን አጥብቆ "የፓሻው ሚስት ዓይኗ ጠፍቶ በዚህ ውሃ ታጥባ በራላት!" ይላል። ሴቶቹ በየጠርሙሳቸው ይቀዳሉ። ያ ያንባረቀብን ዘበኛ "ተራ ጠብቁ! በረካ ነው፣ ለሁሉም ይደርሳል!" እያለ ያሰልፋል።

እማማ ግድግዳውን በጣታቸው ጠረግ አደረጉት። ጣታቸው አረንጓዴ ሆነ። ቀና ብለው ቧንቧውን አዩት፣ ደህና አድርገው።

"እማማ፣ ያን ዕለት ልነግርዎት..."

"ሞተሩን ያን ዕለትም ሰምቼዋለሁ" አሉ። "የታመመው ዓይኔ ነው እንጂ ጆሮዬ መቼ ታመመ?"

"ታዲያ ለምን ገቡ?"

"ሰውዬው ውሃውን ከየት እንስባለን አለ?"

"ከዓባይ።"

"ዓባይስ ከየት ይመጣል?"

ዞሬ ከአጥሩ ማዶ ያለውን ወንዝ አየሁት።

"ግሽ ላይ ጠበል ሆኖ የወጣ ውሃ፣ እኔ መሄድ ቢያቅተኝ እሱ ያን ሁሉ በረሃ አቋርጦ እኔ ድረስ መጣ። ታዲያ መጨረሻ ላይ ሞተር ስላቀበለኝ ነው የሚረክሰው?" ነጠላቸውን ታጠቁ። "ለሁለተኛው ዓይኔም ልጠመቅ ነው የመጣሁት።"

ሁለት እርምጃ እንደሄዱ ዞር አሉ። በዚያች በአዲሷ ዓይናቸው እግሬን አዩት።

"ጫማሽን አውልቂ እንጂ፤ ምን ይገትርሻል?"