የባለቀለሙ ገመድ

በተራራው ጫካ ውስጥ ለሚሄድ እንግዳ ሁሉ መንገዱን የሚያሳየው አንድ ሰው ነበር፤ በስሙ የሚጠራው ግን የለም። ቀለም ከእጁም ከሱሪውም ስለማይጠፋ «ባለቀለሙ» ይሉታል። የደን ጽሕፈት ቤቱ የቀጠረው ገና ጢም ሳያወጣ ነው። ሥራው በየዓመቱ ክረምት ሲወጣ በዛፍ ግንድና በድንጋይ ላይ መዳፍ የምታህል ነጭ ምልክት መቀባት ነው። ጎብኚው ከአንዷ ምልክት ወደ ሌላዋ እያየ ይወጣል፣ እያየ ይወርዳል። በሠላሳ ዓመት ውስጥ አንድም ሰው አልጠፋበትም። ይህን ሲናገር ደረቱን ነፋ ያደርጋል፤ ያምርበታልም።

ሌላም የራሱ ልማድ ነበረው። ከትልልቆቹ ጥዶች ሥር ሲደርስ የመንገዱን ስፋት በገመድ ይለካና ልኩ ላይ ይቋጥራል። ማንም አላዘዘውም። ገመዱ ከመኝታው ራስጌ ሚስማር ላይ ይንጠለጠላል። የመጀመሪያው ቋጠሮ ከጫፉ አንድ ክንድ ነበር። በሠላሳኛው ዓመት ገመዱ አለቀና መንገዱ ተረፈ።

ቆም ብሎ አየ። ጎብኚው እንደ ድሮው አንድ በአንድ አይሄድም፤ ወሬውን ይዞ ጎን ለጎን ነው። ጭቃ ሲያይ ወደ ሣሩ፣ ሣሩ ሲያልቅ ወደ ችግኙ ይገባል። የጥዶቹ ሥር እንደ ሽማግሌ እጅ ጅማት ተገትሮ ወጥቷል። አፈሩ እንደ ሲሚንቶ ጠጥሯል። በዙሪያቸው የበቀለ ነገር አንድም የለም። ያን ቦታ ለመንገዱ የመረጠው ደግሞ እሱ ራሱ ነው፤ በወጣትነቱ፣ ጥላው ደስ ስላለው።

አለቃው ዘንድ ሄዶ ነገረው።

«ባለፈው ዓመት ማለፍ ክልክል ነው የሚል ሰሌዳ አቁመን አልነበር?» አለ አለቃው።

«አዎ፤ አጠገቡ ቆመው ፎቶ ይነሣሉ።»

«ታዲያ ምን ይሻላል?»

«ሰው ሰሌዳ አይሰማም፤ ቀለሜን ነው የሚከተለው። ምልክቱን ከጥዶቹ ፍቄ በድንጋያማው ሸንተረር ላይ ላዙረው። ድንጋይ ቢረግጡት ምን ይሆናል?»

አለቃው ፈቀደ። ከባዱ ግን ገና ነበር። ከጥዶቹ ሥር፣ ከመንገዱ ዳር፣ ታላቅ እህቱ ሻይ ቤት አላት፤ ልጆቿን ያሳደገችው በእሱ ነው። መንገዱ ከዞረ ሻይ ቤቱም አበቃለት። ስለዚህ ብሩሹን ከማንሣቱ በፊት ወደ እሷ ሄደ።

«እትዬ፣ ምልክቱን ላነሣው ነው።»

እህቱ ብርጭቆ ማጠቧን አላቆመችም። «የት ልትወስደው?»

«ወደ ሸንተረሩ።»

«እኔ ደግሞ ለዝንጀሮ ሻይ ልቅዳ?»

«ጥዶቹ አሥር ዓመት አይቆሙም። ያኔ ጥላውም የለም፣ ጎብኚውም የለም።»

«አንተ የአሥር ዓመቱን ታወራለህ፤ እኔ ነገ ነው የጨነቀኝ።»

«አውቃለሁ። ከሰው እንዳትሰሚው ብዬ ነው የመጣሁት።»

«እንግዲህ ያመጣቸው እጅህ ይውሰዳቸው። ሻይህን ግን ጠጥተህ ሂድ፤ በባዶ ሆድህ ብትወድቅ በእኔ ያሳብባሉ።»

ጠጣ፤ ሄደም። ቅርፊቱን እንዳያቆስል በዝግታ እየፋቀ ሦስት ቀን ፈጀበት። አሮጌውን መንገድ በወደቀ ቅርንጫፍ ዘጋው። በሸንተረሩ ላይ አዲሱን ምልክት ቀባ። ጎብኚዎቹም አንድ ቃል ሳይጠይቁ ነጩን እያዩ በዚያ ነጎዱ።

ሻይ ቤቱ ሁለት ሳምንት ጭር አለ። እህቱ ሰላምታውን አትመልስም። ባለቀለሙ ሥራው ትክክል እንደሆነ ስለሚያውቅ ሐሳቡን አልቀየረም፤ በሻይ ቤቱ በር ማለፍ ግን ከበደው።

በሦስተኛው ሳምንት አንድ ማለዳ ሸንተረሩ ላይ ሲደርስ እህቱን ሰፊ ጠፍጣፋ ድንጋይ ላይ ቆማ አገኛት። ከአጠገቧ ማንቆርቆሪያ፣ አግዳሚ ወንበርና የተጠቀለለ ሸራ አለ።

«ከዚህ ላይ አገሩ ሁሉ ይታያል» አለችው። «ሠላሳ ዓመት ሙሉ ጥላ ሥር ወሽቀኸኝ ኖረሃል።»

«እኔ ነኝ የወሸቅኩሽ?»

«ምልክቱ የማን ነበር? ይልቅ ለሸራው ማሰሪያ ገመድ አምጣ። ያ ከራስጌህ የተሰቀለው ምን ይሠራል?»

ባለቀለሙ ጥቂት አሰበ። ከዚያ ወርዶ አመጣው። እህቱ ቋጠሮዎቹን ዳበስ ዳበስ አደረገችና፣ «ጥሩ ነው፤ አይንሸራተትም» ብላ ሸራዋን ወጠረችበት።

ቀጣዩ ክረምት ሲወጣ የቀለም ቆርቆሮውን ይዞ በጥዶቹ በኩል ብቅ አለ። የሚለካ መንገድ አላገኘም። መንገዱን በዘጋባቸው ቅርንጫፎች መካከል ጣት የምታህል ጥድ በቅላለች፤ ከእሷ ወዲያ ሌላ፣ ከዚያም ሌላ። እንዳይረግጣቸው በመጣበት ዱካ ተመልሶ ለእህቱ ሊነግራት ወደ ሸንተረሩ ወጣ። ሸራው ሥር ግን ሰው ሞልቶ ስለነበር፣ ቆርቆሮውን መሬት አስቀምጦ ተራውን ጠበቀ።