የራስሽን ትንፋሽ ያዢ

በሆስፒታሉ ምድር ቤት ያለውን የመለማመጃ ክፍል የያዘችው ነርስ ሃያ ዓመት ማደንዘዣ ክፍል ሠርታለች። ጀማሪ ሐኪሞች «እትዬ ትንፋሽ» ይሏታል። ለመለማመጃ የተሠራው የላስቲክ ሰውዬ ጉሮሮ ውስጥ ቱቦ ሊያስገባ የሚያጎነብስ ሁሉ በመጀመሪያ የራሱን ትንፋሽ መያዝ አለበት።

«እናንተ አየር ሲያምራችሁ እሱንም አምሮታል። ቱቦውን አውጡና አየር ስጡት!» ትላቸዋለች።

እጅ ይረሳል ብላ በየሦስት ወሩ መልሳ ትጠራቸዋለች። አንዷ ወጣት ሐኪም ግን ሁለቴ ቀረች። ነርሷ ደረጃው ላይ ያዘቻት።

«እትዬ፣ ፈተናውን አልፌያለሁ እኮ!»

«ያለፍሽው ላስቲኩን ነው። እሱ አያስመልሰው፣ ምላሱ አያብጥ፣ በር ላይ የሚያለቅስለት የለው።»

ሐኪሟ ስቃ ሄደች።

ማክሰኞ ረፋድ ላይ ነርሷ የታጠቡ የኦክስጅን ጭምብሎች ይዛ ድንገተኛ ክፍል ስትገባ፣ አልጋው ላይ ራሷን የሳተች ልብስ ሰፊ ተኝታለች። ትንፋሿ እየራቀ ነው። ልጇ የበሩን እጀታ ጨብጣ ቆማለች። አለቃው ሐኪም ቀዶ ጥገና ላይ ነው፤ ቱቦ ይዛ ያጎነበሰችው ያቺው ወጣት ናት።

መቆጣጠሪያው ላይ የሴትዮዋ የኦክስጅን ቁጥር ዘጠና። ሰማንያ አራት። ሐኪሟ ጉሮሮ ማያውን ብረት የሴትዮዋ ጥርስ ላይ ተደግፋበታለች። ላስቲኩ ይህን ይችላል፤ ሰው አይችልም። ቱቦው በምግብ መውረጃው ገባ። አወጣችው፣ መልሳ ሰደደችው። ሰባ ስድስት።

«ትንሽ ቀረኝ… ትንሽ…»

«ዶክተር» አለች ነርሷ፣ ድምጿን ሳታነሳ። «አንቺ እስካሁን ስንቴ ተነፈስሽ?»

የሐኪሟ እጅ ቆመ። ብረቱንም ቱቦውንም አወጣች።

«ጭምብል!»

ሐኪሟ በሁለት እጇ የሴትዮዋ አፍና አፍንጫ ላይ ያዘችው። ነርሷ የአየሩን ከረጢት ጨመቀች። የሴትዮዋ ደረት ንቅንቅ አላለም። ስልሳ ስምንት።

«እማዬ!» አለች ልጅቷ።

«ጭምብሉን አትጫኚው። መንጋጋዋን ወደ ላይ ሳቢና ፊቷን ወደ ጭምብሉ አምጪው» አለች ነርሷ።

ሳበች። የሴትዮዋ ደረት ከፍ አለ። እንደገና ከፍ አለ። ሰባ አምስት፣ ሰማንያ ስምንት፣ ዘጠና ስድስት።

ያኔ ነው ጉሮሮዋ በደንብ እንዲታይ አንሶላ አጥፈው ከጭንቅላቷ ሥር ያደረጉት። ሐኪሟ ትንፋሿን ያዘች፤ የሴትዮዋ ጥርስ ላይ ሳትደገፍ ብረቱን ወደ ፊት አነሳችው። ቱቦው ሲገባ ገና አየር አላማራትም ነበር። የሴትዮዋን ደረት ግራና ቀኝ አዳመጠች። ሁለቱም ይሰማሉ።

«ትተነፍሳለች?» አለች ልጅቷ ከበሩ።

«ለጊዜው እኛ እየተነፈስንላት ነው» አለች ሐኪሟ፣ ከረጢቱን ከነርሷ ተቀብላ እየጨመቀች። ቀና ሳትል፣

«እትዬ፣ ነገ መለማመጃ ክፍሉን ስንት ሰዓት ይከፍታሉ?»

«ሁለት ሰዓት። አሁን አታውሪ፤ ትንፋሿን ቁጠሪ።»