የጋሼ መኪና መሪ

መሪው ያስቸገረው ሾፌር ሁሉ «ውልፊት ጋ ውሰደው» ይባላል። ቅጽል ስሙን ያወጣለት የገዛ አፉ ነው። መኪና ጨርሶ ሲያስረክብ እጁን በጨርቅ እየጠረገ «ውልፊት የለም!» ይላል፤ ዓመት ዓመት ሲል ኖሮ ስሙ ሆኖ ቀረ። ሞተር ቢሰጡት አይጠላም፣ ፍሬንም ይሠራል፣ ልቡ ግን ያለው መሪ ላይ ነው። ጋራዡ ጠባብ ናት፦ አንድ ጉድጓድ፣ አንድ ብረት መንከሻ ሞርሳ፣ ግድግዳው ላይ በሚስማር የተንጠለጠሉ ቁልፎች፣ ጥግ ላይ ደግሞ ስፖንጁ የወጣ የአውቶቡስ ወንበር። ደንበኛ እዚያ ይቀመጣል እንጂ ወደ ጉድጓዱ አይጠጋም። የተጠጋ «አንተ ትሠራለህ ወይስ እኔ ልሥራ?» ተብሎ ይመለሳል።

ሌላም አመል አለው፤ የሰው መኪና ከበሩ አውጥቶ አይነዳም። ጎማዎቹ እኩል ወደ ፊት ማየታቸውን በሲባጎ ይለካል። ከኋላ ጎማ እስከ ፊት ጎማ ወጥሮ፣ አንድ ዓይኑን ጨፍኖ ያያል፣ በቃ። «ኧረ ነድተህ ሞክረው» የሚለው ካለ «መንዳቱ የባለቤቱ ነው» ብሎ ነገሩን ይዘጋል። እውነት ለመናገር ሲባጎው ብዙ ጊዜ አላሳፈረውም። ሲባጎ ግን ጎማው ወዴት እንደዞረ እንጂ አክሰሉ ወደ ፊት ወይም ወደ ኋላ መጋደሉን አያይም፤ ጣጣውም የመጣው ከዚህ ነው።

ታላቅ ወንድሙ፣ እሱ ጋሼ የሚለው፣ የውሃ ፓምፕ ጠጋኝ ነው። ፓምፖቹ ያሉት ከድንጋያማው ወንዝ ማዶ ስለሆነ፣ ከአሥራ ዘጠኝ ዓመት በፊት ያቺን በአራቱም ጎማ የምትጎትት አሮጌ ፒካፑን አምጥቶ «ከፍ አድርግልኝ» አለው። ጋራዡ ያኔ ከተከፈተች ገና አራት ወሯ ነበር። ውልፊት መኪናዋን በሚሸከመው ባሌስትራ ላይ ሦስት ንጣፍ ብረት ጨመረ፣ ማንጠልጠያውን አስረዘመ፣ ትልልቅ ጎማ አገባ፣ ሲባጎውን ወጠረ። ጋሼ ወንዙን ተሻገረ፣ ውሃው ከበሩ በታች ቀረ። መኪናዋን ያየ ሁሉ «ማን ሠራልህ?» ሲለው ጋሼ ደረቱን ነፍቶ «ወንድሜ ነዋ!» ይላል። የመጀመሪያዎቹን ደንበኞች ለውልፊት ያመጣችለት ያቺው መኪና ናት።

መንገዱ ኮረኮንች እያለ ሁሉም መኪና እንደ ሰካራም ስለሚሄድ የጋሼን ማን ልብ ይለዋል? አምና አስፋልት ገባ። ውሃ ሲወስድ እያሳሳቀ ነው እንደሚባለው፣ መንገዱ ሲያምር ጋሼ ፍጥነት ጨመረ፣ መኪናዋም አንዴ ወደ ቀኝ አንዴ ወደ ግራ ትለው ጀመር። ሁለት ጊዜ መሀሉን መስመር አልፎ በለስ ቀናውና ተረፈ። በሦስተኛው የትምህርት ቤቱን አጥር ደረመሰ። ደግነቱ እሑድ ነበር። ያን ቀን አጠገቡ የተቀመጠችው ነርሷ ልጁ ነበረች።

በማግስቱ እሷ ራሷ መኪናዋን ቀስ እያለች ነድታ ወደ ጋራዡ መጣች።

«አጎቴ፣ አባዬ አርጅቷል» አለች። «ዓይኑን አስመረመርኩት፣ ደህና ነው አሉኝ። እንግዲህ እጁ ነው።»

«ጋሼ ምን አለ?»

«ምን ይላል? ዝም ነው። አንተ መሪዋን እይልኝ። ችግሩ የሷ ከሆነ ሥራት፤ ተሠርታም እሱ እንዲህ የሚነዳ ከሆነ ግን ቁልፉን እቀበለዋለሁ። ሰው እስኪገድል አልጠብቅም።»

 ውልፊት ጋሼን ቁልፍ መቀበል ማለት ምን ማለት እንደሆነ ያውቃል። ያ ሰው ከወንዙ ማዶ «ፓምፑ ቆመ» ሲባል ጫማውን ሳያስር የሚወጣ ሰው ነው። ቤት ዋል ከተባለ ግድግዳ ሲያይ መዋሉ ነው።

ልጅቷ ስትሄድ ሲባጎውን ወጠረ። ቀጥ ያለ ነው። አላመነም፣ ደገመ፤ አሁንም ቀጥ ያለ ነው። ከዚያ አመሉን ጥሶ መኪናዋን ከበሩ አወጣት። ሁለት መቶ ሜትር አልሄደም። መሪውን ጠምዝዞ ሲለቀው አይመለስም፤ እዚያው ተገትሮ ይቀራል። ትንሽ ጎርበጥ ሲል ደግሞ ማንም ሳይነካው ራሱ ይዞራል። ውልፊት ዳር ይዞ ቆመና ሞተሩን አጠፋ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ብስክሌት እጅ ተለቆም ቀጥ የሚለው ሹካው ዘንበል ስላለ ነው። የመኪና የፊት አክሰልም እንዲሁ ትንሽ ወደ ኋላ መጋደል አለበት። መኪና ከፍ ሲል አክሰሉ ወደ ፊት ይዞርና ያቺ ግድለት ትጠፋለች፤ መሪውን ከጎማ የሚያገናኘው ዘንግም ገደል እንደሚወርድ ሰው ያዘቀዝቃል። መፍትሔው በባሌስትራውና በአክሰሉ መሀል ሽብልቅ ብረት መክተት፣ ዘንጉንም ዝቅ ባለ ክንድ ማስተካከል ነው። ውልፊት ይህን የተማረው የጋሼን መኪና ከሠራ ከሦስት ዓመት በኋላ በሌላ ሰው መኪና ላይ ነው። ከዚያ ወዲህ ሽብልቅ ሳይከት ከፍ ያደረገው መኪና የለም።

የጋሼስ? ያኔ ትዝ ብሎት ነበር። ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ፤ «ጋሼ፣ መሪዋ እንዴት ናት?» ብሎ ጠየቀው። «ሰላም ናት፣ እንደ ውሃ ነው የምትሄደው» አለው ጋሼ። ውልፊት እፎይ አለና ዳግመኛ አላነሳውም። የመሪ ሐኪም የሚባል ሰው የገዛ ወንድሙን መኪና አበላሸ ከሚባል ዝም ማለቱ ቀለለው።

ሥራው አንድ ቀን ፈጀ። ሽብልቆቹን ቶርኖ ቤት አስቀርጾ ከተተ፣ ክንዱን ለወጠ፣ መሪው ሳጥን ውስጥ የነበረውን ክፍተት አጠበበ። ለልጅቷ ስልክ ደወለና «ያረጀ ነገር ነበር፣ ቀይሬዋለሁ» አላት። ያረጀ ነገር! እንደዚያ ሲል ምላሱ አልተደናቀፈም።

ቅዳሜ ጠዋት ሦስቱም ከመጋዘኖቹ ጀርባ ባለው ቀጥ ያለ መንገድ ተገናኙ። ጋሼ ብቻውን ገብቶ ነዳ። አጎትና ልጅ ዳር ቆመው ያያሉ። መኪናዋ ትንሽ ሄደችና ወደ ግራ፣ ከዚያ ወደ ቀኝ፣ እንደገና ወደ ግራ አለች፤ ከፊተኛውም ባሰ። ዞሮ ሲመለስም ያው ነው።

«ይኸው!» አለች ልጁ። «ተሠርታለች አላልክም?»

ጋሼ አቁሞ ወረደ። ልጁን አየ፣ ወንድሙን አየ። ከዚያ ቁልፉን ከቀለበቱ ፈትቶ መዳፏ ላይ አስቀመጠ። ዓይኗ እንባ አቀረረ፣ እጇ ግን ቁልፉን ጨበጠ።

ውልፊት ከዚህ በላይ አልቻለም።

«ቆይ፣ ስጪው» አለ። «እሱ አይደለም፣ እኔ ነኝ።»

«ምን ማለትህ ነው?»

«ያኔ ከፍ ሳደርጋት አበላሽቼያት ነው። መሪዋ በራሷ አትመለስም ነበር። አባትሽ በየደቂቃው እየመለሰ ነው የነዳት፤ አሥራ ዘጠኝ ዓመት። አሁን ተስተካክላለች፣ ነድቼ አይቻታለሁ፤ እጁ ግን አልሰማም። የሌለ ጥፋት እያረመ ነው።» ከዚያ ጨመረ፦ «ደግሞ ካወቅሁት ቆይቻለሁ። አፍሬ ነው ዝም ያልኩት።»

ልጅቷ ወደ አባቷ ዞረች። «አባዬ፣ አንተስ ታውቅ ነበር?»

«ከመጀመሪያዋ ሳምንት።»

«ታዲያ ለምን አትነግረውም?!»

ጋሼ ጫማው ላይ የተጣበቀ ሬንጅ ሲፍቅ ቆየ። «ጋራዡን መክፈቱ ነበር» አለ። «ሰው ሁሉ ማን ሠራልህ ይለኛል። ወንድሜ ካልኩ በኋላ መሪዋ ታስቸግራለች ልበል? ማን ይመጣለታል?»

«ከዚያስ በኋላ? ደንበኛ ሞልቶለት የለም እንዴ?»

«ከዚያማ ለመድኳት።»

ልጅቷ አንዴ አንዱን አንዴ ሌላውን እያየች ቆየች። «ሁለታችሁም አንድ ናችሁ» አለች በመጨረሻ፤ ምርቃት እንዳልነበረ ግልጽ ነው። ቁልፉን ግን ለአባቷ አልመለሰችም፣ ለአጎቷ ሰጠችው። «እጁ እስኪለምድ አጠገቡ ተቀመጥ። ዛሬም፣ ነገም፣ እስኪበቃው ድረስ። ብቻውን ሲነዳ አላይም።»

ወንድማማቾቹ ገቡ። ጋሼ መሪውን እንደ ወይፈን ቀንድ ጨብጦ ተነሳ፣ መኪናዋም ወዲያው ወደ ግራ አለች።

«ጋሼ፣ አትመልሳት» አለ ውልፊት። «እጅህን አላላው።»

«ገደል ብትከተንስ?»

«አትከተንም።»

ጋሼ ጣቶቹን አንድ በአንድ አላላ። መኪናዋ ተስተካከለችና መጋዘኖቹን እያለፈች ቀጥ ብላ ሄደች፤ አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት በር። የጋሼ ቀኝ ትከሻ ከጆሮው ሥር ወረደ። ለካ ትከሻው እንዲህ ይወርዳል፤ ውልፊት ወንድሙ ተፈጥሮው ጎባጣ ይመስለው ነበር።

«ይሄን ያህል ቀላል ነበር እንዴ?» አለ ጋሼ። ሊወጋው ብሎ አይደለም፣ ከልቡ ገርሞት ነው።

«የአንድ ቀን ሥራ ነው» አለ ውልፊት፤ ፊቱን ወደ መስኮቱ አዙሮም አለቀሰ።