የትንፋሽ መለኪያው

አራት ሰዎች ነበርን። አለቃችን በሩ አጠገብ፣ አንድ እጁን ኪሱ ከትቶ ቆሟል። ዕቃ የምትመረምረው አሜሪካዊት ከመፈተሻው ፓምፕ ኋላ ነበረች። የአስመራዋ ጓደኛዬ ከጠረጴዛው ወዲያ ማዶ፣ እኔ ከወዲህ። የቀሩት ሠራተኞች ወጥተው ነበር፤ የጽዳት ሠራተኞችም ወንበሮቹን ጠረጴዛ ላይ ሰቅለዋቸዋል።

ፋብሪካው አሜሪካ፣ ፕሊማውዝ የሚባል ከተማ ነበር፤ ጊዜውም የፈረንጆቹ ዘጠናዎቹ አጋማሽ። የምንገጣጥመው የትንፋሽ መለኪያ ነው፤ አስም ያለበት ሰው ቤቱ የሚያስቀምጠው የላስቲክ ቱቦ። መርፌ የለው፣ ደም አያስቀዳ። ሰውየው አየር በደንብ ስቦ በአንድ ጊዜ ሲነፋበት ቀይ ጠቋሚ በቁጥሮቹ ላይ ወደፊት ይሄዳል። ዝቅ ብሎ ከቆመ ትንፋሹ ችግር አለበት ማለት ነው።

እኛ በፓምፕ እንጂ በአፋችን አንፈትሸውም ነበር። ያን ቀን ግን አለቃችን ሥራ ሲያበቃ አንዱን አንሥቶ ነፋና ጠቋሚውን ጫፍ አደረሰው። የአዲስ አበባ ልጅ ነው፤ ቀልድ ይወዳል።

«እስቲ እናቶቼም ይሞክሩ። ሁዳዴ ነው ብሎ ማመካኘት የለም!»

ቱቦው አፍ ላይ አዲስ የካርቶን ማስነፊያ ሰካሁና ነፋሁ። ጠቋሚው መሐል ላይ ቆመ።

«ለሽሮ ደህና ነው» አለ። ሳቅን።

ጓደኛዬ ነፋች። ጠቋሚው ትንሽ ተነሣና ቀረ።

«ምነው እማማ፣ የልደት ሻማ መሰለዎት እንዴ?»

«ዝም በል፣ አንተ ለፍላፊ! ዕቃው ነው የተበላሸው።» ቱቦውን የብልሽት ሣጥን ውስጥ ጥላ ሌላ አነሣች። ያም እዚያው ላይ ቆመ። እሱንም ጣለችና ሌላ ሞከረች፤ ያው ሆነ። በዚህኛው ማንም አልሳቀም።

እሑድ ከቤተ ክርስቲያን ስንመለስ ስኔሊንግ አቨኒው የሚባለው መንገድ ላይ ቆም ብላ የሱቅ መስኮት ታያለች። አንዳንዴ መስኮቱ ውስጥ ምንም የሚታይ ነገር የለም። የምትቆመው ትንፋሽ አጥሯት እንደሆነ አውቅ ነበር፤ ጠይቄያት ግን አላውቅም። በልጅነቷ አስመራ የጥጥ መፍተያ ፋብሪካ ገብታ ብዙ ዓመት ብናኙ ውስጥ ሠርታለች። ሳሏን «የዚህ አገር ብርድ ነው» ትላለች፤ በበጋም ትስላለች።

አሜሪካዊቷ የተጣሉትን ከሣጥኑ አውጥታ እያንዳንዳቸውን ፓምፑ ላይ ሰካቻቸው። ሁሉም መድረስ ያለባቸው መስመር ላይ ደረሱ። ወደ እኔ ዞራ ዕቃዎቹ ደህና እንደሆኑ፣ ጓደኛዬን ግን ዶክተር ሊያያት እንደሚገባ ነገረችኝ። ጓደኛዬ እንግሊዝኛ ብዙም አይገባትም፤ አስተርጓሚዋ እኔ ነኝ።

በእኛ ወግ ክፉ ወሬ ለቆመ ሰው አይነገርም። ወንበሮቹ ግን ተሰቅለው ነበር። እንደቆመች ነገርኳት።

«ፓምፕ ሰው አይደለም» አለች። ከመሐላቸው አንዱን መርጣ በጠረጴዛው ላይ አሻግራ ሰጠችኝ። «እትዬ፣ እስቲ በዚህ አንቺ ንፊበት።»

በዕድሜ እበልጣታለሁ፤ ቁመቴም ከትከሻዋ አያልፍም፤ በደንቡ ማነስ የነበረበት የእኔ ትንፋሽ ነው። ለእኔም ዝቅ ብሎ ከቆመ ጥፋቱ የዕቃው ይሆናል። ማስነፊያውን ስቀይር ዓይኗን ከእጄ አላነሣችም። ቀስ ብዬ ብነፋ ማንም አያውቅብኝም ነበር። እሷም ያን ቀን እፎይ ትላለች፤ ሐኪም ቤትም አትሄድም።

አየሩን ሳብኩና ባለኝ ኃይል ነፋሁ። ጠቋሚው ቅድም የደረስኩበት ቦታ ደረሰ።

«ድገሚው» አለች።

ደገምኩት። ያው ነው።

አለቃችን ጫማውን ያያል። አሜሪካዊቷ የፓምፑን ገመድ ትጠቀልላለች።

«ነገ ሐኪም ቤት አብረን እንሄዳለን» አልኳት።

«ነገ ሥራ አለ።»

«ሥራውን ተዪው» አልኩ።

«ይሂዱ እማማ» አለ አለቃችን። «በመኪናዬ ራይድ እኔ እሰጣችኋለሁ። ለቀልዱም ይቅርታ።»

«አንተ ምን አደረግህ?» አለችው።

መለኪያውን ከእጄ ወሰደች። ብልሽት ሣጥን ውስጥ አልጣለችውም፤ በሹራቧ ጫፍ ጠርጋ ከደህናዎቹ ጋር አስቀመጠችው።

«በስንት ሰዓት ነው የምንሄደው?» አለች።

«በጧት።»

ካፖርቴን ለበስኩና ወጣሁ።