እንግዳዋን ያስደገመችው ጫልቱ

ያን ጠዋት መቱ መናኸሪያ ውስጥ ጫልቱ ነበረች፣ ከድር ነበረ፣ ብሩክ ነበረ፣ በፔርሙዝ ሻይ የሚሸጡት የብሩክ እናት እትዬ አስካለ ነበሩ፤ እኔም ነበርኩ። ልጆቹ ሁላችንም ስድስተኛ ክፍል ነበርን። ዝናቡ ገና ማባራቱ ስለነበር ግቢው ናፍጣና እርጥብ ጭቃ ይሸታል።

አንዲት ፈረንጅ ሻንጣዋን እየጎተተች መጣችና ወደ አንድ ሚኒባስ እያመለከተች ረጅም ነገር ጠየቀችን። ለአንዳችንም አልገባንም። በየቤታችን ደግሞ እንግዳን ወይም ትልቅ ሰውን «ማል?»፣ ምን አልክ፣ ብሎ ማስደገም ነውር ነበር። ልጅ ራሱን ነቅንቆ እሺ ይላል፤ የተባለውን በኋላ ከሌላ ሰው ያጣራል። ስለዚህ ከድር «የስ» አለ። እኔና ብሩክም «የስ፣ የስ» አልን። ሴትዮዋ ደስ ብሏት ሻንጣዋን ለረዳቱ አቀበለችው።

ጫልቱ ብቻ ወደ ፊት ወጣች። የእንግሊዝኛ አስተማሪያችን ያስጠናንን ሳታዛንፍ፣ «ሶሪ፣ ኩድ ዩ ሴይ ዛት አጌን፣ ፕሊስ?» አለቻት።

«አንቺ! እንግዳ ታስለፈልፊያለሽ?» አሉ እትዬ አስካለ።

«ጆሮዋን ታማለች በሏት» ብሎ ከድር ሳቀ።

ሴትዮዋ ግን አልከፋትም። ጎንበስ ብላ ቀስ አድርጋ ደገመችላት። ለካ የምትሄደው በደሌ፣ ከዚያም አዲስ አበባ ኖሯል፤ በማግስቱ አውሮፕላን ትሳፈራለች። ሚኒባሱ ደግሞ በሌላ አቅጣጫ ወደ ኖፓ የሚሄድ ነው፤ ሞተሩም ተነስቷል።

«አውርድ! ሻንጣዋን አውርድ! ቡሲ!» እያልን በአማርኛም በኦሮምኛም ጮህን። ረዳቱ እያጉረመረመ አወረደላት። እትዬ አስካለ ፔርሙዛቸውን ለብሩክ ትተው እስከ በደሌው አውቶቡስ ድረስ ሸኟት፤ ሲመለሱም ለጫልቱ ሻይ ቀዱላት። «ጠጪ፣ አንቺ ደፋር» አሏት።

ዛሬ የመቱ ልጆች እንግሊዝኛን ከስልክ እየሰሙ ያድጋሉ። ያልገባቸውን ወደ ኋላ መልሰው ይሰሙታል እንጂ ማንንም አያስቸግሩም። እኔም በኋላ ቋንቋውን የለመድኩት እንደዚያው ለብቻዬ ነው። ያኔ ግን ለማስደገም ፊት ለፊት ቆሞ፣ ዓይን ዓይን እያዩ፣ አፍሮም ቢሆን መጠየቅ ግድ ነበር። እሱ ይናፍቀኛል።

አውቶቡሱ ሲወጣ ሴትዮዋ አንገቷን በመስኮት አውጥታ አንድ ነገር ብላናለች። ሁላችንም፣ ጫልቱ ጭምር፣ «የስ!» ብለን እጃችንን አውለበለብን። ጫልቱ፣ ከድር፣ ብሩክ፦ ምን እንዳለች የገባው ካለ እባካችሁ ይንገረኝ።