«ለብቻችን እናውራ»

ወልድያ ባለች አንዲት ትንሽ የሶፍትዌር ድርጅት ወጣቶቹ ኮድ ይጽፋሉ፤ እኔ የቡድን መሪ ስለሆንኩ ስብሰባ እጠራለሁ። በቅርቡ የአመራር ሥልጠና ላይ «አዲስ ተመራቂዎችን ለብቻ እያናገራችሁ አበረታቷቸው» ተባልን። እኔም ሠልጥኜ የለ? ከመርሳ ከተማ ለመጣው አዲስ ተመራቂ ለስዩም ወዲያው «ነገ ጠዋት ለብቻችን እናውራ» ብዬ ጻፍኩለት።

በማግስቱ ስዩም ሽማግሌዎች አስከትሎ ቢሮዬ ገባ። ለካ በሌሊት ተነስተው ከመርሳ የመጡት ለእሱ ነው።

«ልጃችን ምን አጠፋ?» አሉኝ አጎቱ ጋሽ ሞላ፣ ወንበሬ ላይ ተደላድለው።

«ኧረ ምንም! እንዴት ነህ ልለው ብዬ ነው።»

«እንዴት ነህ ለማለት ቀጠሮ ይያዛል?»

ሥልጠናው እዚህ ላይ አልደረሰም።

«ታዲያ በምን ተጣላችሁ?»

«አልተጣላንም።»

«እንግዲያ ይህን ሁሉ መንገድ መጥተን ሳናስታርቅ ልንመለስ ነው?»

እውነታቸውን ነው። ቁጭ ብለን ጥል ፈለግን። በመጨረሻ ስዩም ኮዱ ሥር፣ ሁሉም በሚያየው ቦታ፣ «ይህን ማን አስተማረህ?» ብዬ መጻፌን አስታወሰ።

«በሰው ፊት?» አሉ ጋሽ ሞላ ራሳቸውን እየነቀነቁ።

እኔ መሪው ተነስቼ ይቅርታ ጠየቅኩ። ስዩምም ትንሽ አሰብ አደረገና «ይቅር ብዬዎታለሁ» አለኝ። ሽማግሌዎቹ መርቀውን ወጡ።

ወዲያው ስልኬ ጮኸ። አዲስ አበባ ያለችው አለቃዬ ናት፦ «ነገ ለብቻችን እናውራ።»

እየሮጥኩ መናኸሪያ ደረስኩ። ጋሽ ሞላ ሚኒባሱ ውስጥ ገብተዋል።

«ጋሼ፣ ይውረዱልኝ» አልኳቸው፤ «ነገ ደግሞ የእኔ ተራ ነው።»